የተመላሽ ቅርጫት

ሐምሌ እዚያም ክረምት ነው፤ ኦታራ ላይ ይዘንባል፣
የሱቁ በር በተከፈተ ቁጥር ብርዱ ከሰው ጋር ይገባል።
ሜሌናይቴ ሦስት ቁጥር ሂሳብ መቀበያ ላይ ቆማለች፣
የሰፈሩ ጓዳ በጥቁር ጎማ ሲያልፍ ታያለች።
ማሽኑ ጢጥ ይላል፤ ጢጥ፤ ጢጥ፤
አንዱ ሲከፍል፣ ሌላው ኪሱን ሲያገላብጥ።

ስም አትጠይቅም። ዕቃው ይነግራታል፦
ሦስት ነጭ ዳቦ፣ የበግ ስብ፣ የጣሳ ሥጋ ሲደረደር
አጎቷ ቤት ነው፤ አሥራ አንድ ነፍስ፣ እስከ ደመወዝ የሚያድር።
ምስር፣ ሽንኩርት፣ ዱቄት በጆንያ፣ እርድ በላስቲክ ከረጢት፣
ሳቪትሪ ናት፣ የፊጂዋ፤ ከአንድ ጭብጥ ስድስት ሰሃን የምታወጣ ሴት።

ማክሰኞና ሐሙስ ግን በአውቶቡስ ትሄዳለች ሬሙዌራ፣
ያው ሱቅ፣ ያው ጃኬት፣ ያው ማሽን፤ ሌላ ተራራ።
እዚያ አቮካዶ እንደ ሕፃን ጉንጭ በጣት ይዳሰሳል፣
ቅጠሉ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በሣጥን ተኝቶ ይደርሳል፤
ሂሳቡ ሲደመር ግን ቀና ብሎ ስክሪኑን የሚያይ የለም።
ሀብት ማለት ይህ ነው አለች በልቧ፤ ወርቅ አይደለም።

ኦታራ ሁሉም ያያል።
ከንፈር ከማሽኑ እኩል ይደምራል፣
ስልሳ ሲያልፍ አንድ እጅ ቀስ ብሎ ጎማው ላይ ይዘረጋል፦
«ይህ ይቅር።»
በእኛ አፍ ቢሆን እንዴት ይፈታል ይህ ነገር?
ዕቃው ነው የሚቀር፣ ወይስ አባት ነው «ይቅር በለኝ» የሚል፣
ከልጁ መዳፍ ላይ እርጎውን ሲነጥል?

ሰኞ ራዊሪ መጣ፤ ሽማግሌ ነው፣ ስኳር ያለበት፣
የአበባ ጎመን ታቅፎ እንደ አራስ፣ አውራ ጣቱን ተክሎበት።
ዋጋውን ሲሰማ ኪሱ ገብቶ አንድ ወረቀት አወጣ፣
«ቅጠል ብላ» ይላል፣ ከክሊኒክ በሐኪም ፊርማ የመጣ፤
እንደ ኩፖን ዘርግቶ፣ «በዚህ ስንት ይቀነስልኛል?» አለ።
ሰልፉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ጎመኑ ግን ቅርጫት ውስጥ ዋለ።

«ጎመን በጤና» ያለው የእኛ ሰው ጎመኑን ከደጁ ቀጥፏል፤
እዚያ ጎመኑም ጤናውም ባንድ ሚዛን ላይ አርፏል።

ማታ ቅርጫቱን አንስታ በመደርደሪያው መሐል ትዞራለች፣
የተመለሰውን ሁሉ ወደየቤቱ ትሸኛለች፦
ቆስጣ፣ ሁለት ብርቱካን፣ የልጅ እርጎ፣ ዓሣ።
ሰባት ዓመት ሙሉ ዳቦ አልመለሰችም፤ አንድም የለስላሳ ጣሳ።

በዚያው ሰሞን አንድ ወጣት መጣ፣ ለጥናት፣ በትሕትና፣
«የፓሲፊክ ሰዎች ቅጠል አይወዱም» አለ፣ ፎርሙን ገለጥ አደረገና፤
«ምክንያት፦ ሀ፣ ባህል። ለ፣ የዕውቀት ማነስ። ሐ፣ ጣዕም። አንዱን ይክበቡ።»
ባህል ሲላት ሳቋ መጣ፤ ዐይኖቿ ግን አላጀቡ።
የቱ ባህል?
የአያቶቿ ጎደሬ እንኳ ዋጋው ከዳቦ ሦስት እጥፍ ወጥቶ
ለቀብርና ለሠርግ ብቻ ነው የሚታየው፣ እንደ ሩቅ ዘመድ መጥቶ።
እርሳሱን ተቀበለችው፤ ከሐ በታች ጠባብ ቦታ አገኘች፣
«መ፣ ዘጠኝ ዶላር» ብላ ጽፋ ወደ ሰልፏ ዞረች።

ያ የአበባ ጎመን ግን፣ የራዊሪ አውራ ጣት የታተመበት፣
ረቡዕ ሌላ ሴት አቅፋው መጣች፤ ተደምሮ በዛባት።
ዓርብ አንድ ልጅ አመጣው፤ እናቱ በዐይኗ ብቻ መለሰችው፣
ሜሌናይቴ ከጣቱ ምልክት አወቀችው፣
ሰላም ልትለው ምንም አልቀራት።
ቅዳሜ ቡናማ ነጥብ አወጣ።
እሑድ፣ ሱቁ ሊዘጋ ሲል፣ ከኋላ ገንዳ ውስጥ ተጣለ፤
ያኔ «ይህስ ይቅር» ያለ ሰው የለ።